ነጩ ክብ በእትዬ ዘሃራ በር ላይ

ይህ ነገር እስከዚህ ሳምንት ድረስ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ሚስቴ ሳትሰማው አረፈች። ልጆቼ አያውቁትም። ቄሳችን ፊት ቀርቤ በተናዘዝኩ ቁጥር ትንንሹን እየመረጥኩ አቀረብኩ፤ ጎረቤት ላይ የተቆጣሁትን፣ በጾም ቀን ውሃ የቀመስኩትን። ትልቁን ግን ዋጥኩት። እየዋጥኩት ኖሬ ይኸው ሰማንያ ዓመት አለፈኝ። እናንተ ይህን የምታነቡ ሰዎች፣ አላውቃችሁም። ስለማላውቃችሁ ይሆናል ለእናንተ መናገር የቀለለኝ። ወይስ ይህም ሌላ ፍርሃት ነው?

ማን እንደሆንኩ አስቀድሜ ልናገር፤ ያጠፋሁት ጥፋት ከማንነቴ አይነጠልምና። ታከለ እባላለሁ። እስራኤል አገር ረሆቮት ከተማ መጥታችሁ ክፋር ማርሞሬክ በሚባለው ሰፈር “የአባ ታከለ ቤት የቱ ነው?” ብትሉ የሚያሳያችሁ አታጡም። በልጅነቴ የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። አማርኛ ማንበብ ራሴን ያስተማርኩት ስኳር ከተጠቀለለበት የጋዜጣ ቁራጭ ነው። ፈረንሳይኛን ከመድኃኒት በርሜል ላይ፣ ሶማሊኛን ከገበያ፣ ዕብራይስጥን ከአውቶቡስ ላይ ለቀምኩ። እዚህ አገር እንደገባን ቋንቋ ተማሩ ብለው ክፍል ሲያስገቡን መምህርቷ በሁለተኛው ሳምንት፣ “አንተ እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሂድና ሥራ ፈልግ” አለችኝ። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው። ጉራም ከሆነ እውነተኛ ጉራ ነው።

የምታወቅበት አንድ ታሪክ አለኝ። ወጣት ሳለሁ ጅቡቲ ነበርኩ፤ ያኔ ፈረንሳዮች የሚገዟት የወደብ ከተማ ናት። የከተማዋን ንጽህና በሚጠብቅ ቢሮ ውስጥ እሠራ ነበር። የትውከትና የተቅማጥ በሽታ ከተማዋን ሲመታ የመድኃኒት ረጪዎች አለቃ እኔ ነበርኩ። ቤት ለቤት እየገባሁ፣ የተበከለ ውሃ እያስደፋሁ፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ሕዝብ አዳንኩ። ታሪኩ ይህ ነው። በሠርግ ተናግሬዋለሁ፤ በለቅሶ ቤትም ተናግሬዋለሁ። በኮሮና ጊዜ ሽማግሌዎች ወደምንሰበሰብበት ክበብ፣ ሞዓዶን ወደምንለው፣ ጠርተውኝ እጅ እንዴት እንደሚታጠብ ለሕዝቡ አሳየሁ። አጨበጨቡልኝ። ከጎረቤት ከተማ ከመዝከረት ባትያ የመጣ አንድ የሚቀልድ ሽማግሌ፣ “እንግዲህ አባ ታከለ ካለልን ኩፓት ሆሊም፣ ሐኪም ቤቱ ሄደን ወረፋ የምንይዘው ለምንድን ነው? ሐኪሞቹን አሰናብቷቸው!” አለ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። በምን አንጀቴ ሳቅኩ?

የልጄ ልጅ ሊያት ነርስነት ትማራለች። ባለፈው ሳምንት መጥታ፣ “ሳባ፣ ለአስተማሪያችን ስላንተ ነገርኳት። ክፍላችን መጥተህ ታሪክህን እንድትነግረን ትፈልጋለች” አለችኝ። ሳባ እያሉ ነው እዚህ አያታቸውን የሚጠሩት።

“በዕብራይስጥ እናገራለሁ” አልኳት።

“በአማርኛ ተናገር፤ ታሪክህ የሚያምረው በአማርኛ ነው። እኔ እተረጉምልሃለሁ። ያላ፣ አሁን ጀምርልኝ፣ ልቅረጽህና ልዘጋጅበት” ብላ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አጋደመችው።

ጀመርኩ። እንደ ልማዴ እያሳመርኩ ሄጄ ባሏ በበሽታው የሞተባት ውሃ ቸርቻሪ፣ እትዬ ዘሃራ ቤት ደረስኩ። “ማንም ያልደፈረውን ቤት እኔ ደፍሬ ገባሁ” አልኩ። ሊያት ቀና አለችና፣ “ሳባ፣ ውስጡ ምን ይመስል ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ።

ክፋት የሌለበት ጥያቄ ነው። የበሽተኛ ቤት እንዴት እንደሚያዝ ስለምትማር ልታውቅ ፈልጋ ነው። እኔም መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም፤ የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። አልጋ ነበር አልኩ። በርሜል ነበር አልኩ። ጨለማ ነበር አልኩ። ሊያት “ዋው፣ ሳባ” አለች። እኔ ግን የዚያን ቤት ውስጥ አላውቀውም። ገብቼበት አላውቅም። ካዳንኩት ሰው ሁሉ፣ ከገባሁበት ቤት ሁሉ መርጬ፣ ባልገባሁበት ቤት ነው ስኮራ የኖርኩት።

እንግዲህ እንደሆነው ልናገር።

ጅቡቲ የገባሁት በባቡር ነው፤ ወረቀት አልነበረኝም። ከጎንደር ገጠር የመጣሁ ቤተ እስራኤል መሆኔን ለማንም አልተናገርኩም፤ በዚያ ዘመን እኛን የሚጠሩበት ስም ስድብ ነበር። የወደቡ ሠራተኞች የሚኖሩበት ሰፈር ከጣውላ፣ ከቆርቆሮና ከጆንያ የተሠራ ነው። ቧንቧው የሚሄደው ፈረንሳዮቹ ወደሚኖሩበት ሰፈር ብቻ ነው። እኛ ዘንድ ውሃ በአህያ ጋሪ ይመጣል፤ ሴቶች በርሜል ሞልተው ያስቀሩና በጣሳ ይቸረችሩታል። እትዬ ዘሃራ ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ነበረች። የወሎ ሰው ናት። ባሏ ሱሌማን ወደብ ላይ ተሸካሚ ነው። ሰዓዳ የምትባል አንድ ልጅ አለቻቸው፤ ወሎ አያቷ ዘንድ አድጋ እነሱ ዘንድ ከመጣች ገና ጥቂት ወር ቢሆናት ነው። የአገሩን ቋንቋ አልያዘችም ነበር። ይህን አስታውሱልኝ።

እኛ ቤተ እስራኤሎች በባዕድ ሰው ዕቃ አንጠጣም ነበር። የመጣሁ ሰሞን ጥሙ ጉሮሮዬን እያቃጠለኝ ጣሳዋን አየሁና ወደኋላ አልኩ። እትዬ ዘሃራ አየችኝ። ምን ሆንክ አላለችም። ከውስጥ አዲስ ጣሳ አውጥታ፣ እያየኋት አጥባ፣ “ይቺ ያንተ ናት፤ ማንም አይነካብህም” አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ያ ጣሳ በሯ ጎን ሚስማር ላይ ተሰቅሎ እኔን ብቻ ይጠብቅ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቃኝ አታውቅም። ትቀልድብኝ ግን ነበር። ገና ከሩቅ ስታየኝ፣ “የጎንደሩ ሱልጣን መጡ! ጣሳቸውን አውርዱላቸው!” ትላለች። ባሏ ሱሌማንም፣ “ለእኛ ለድሆቹ የሚቀር ውሃ አለ ወይስ ሱልጣኑ ሊጨርሱት ነው?” ይላል። ደስ ይለኝ ነበር። ሱልጣን መባል የሚጠላ ማን አለ?

ንጽህና ቢሮ የገባሁት የመጸዳጃ ጉድጓድ ቆፋሪ ሆኜ ነው። ሌሎቹ ቆፋሪዎች ምሳ ሰዓት ሲተኙ እኔ የመድኃኒት በርሜሎቹን ጽሑፍ ሳነብ አለቃችን አየኝ። ፈረንሳዊ ሐኪም ነው፤ ሁላችንም በፈረንሳይኛው ሙሴ፣ ጌታው ማለት ነው፣ እንለዋለን። አካፋውን ተቀብሎ ብሩሽ ሰጠኝ፤ ቆይቶም የረጪዎች አለቃ አደረገኝ። ሙሴ አማርኛም ሶማሊኛም አያውቅም። ከዚያ ሰፈር ሕዝብ ጋር የሚያገናኘው የእኔ ምላስ ነበር። እኔ ዝም ካልኩ ሙሴ ደንቆሮ ነው፤ እኔ ዝም ካልኩ ሕዝቡ ዲዳ ነው። ይህን አውቅ ነበር፤ አውቄም እኮራ ነበር።

በሽታው ሲመጣ ሙሴ የሰፈሩን የተበከለ ጉድጓድ አዘግቶ ሥርዓት አወጣ። ሰው የታመመበት ወይም የሞተበት ቤት የረጪዎቹ አለቃ ራሱ ይገባል። ያለውን ውሃ ሁሉ ያስደፋል፤ በርሜሉን በክሎሪን ያሳጥባል፤ አልጋውንና ግድግዳውን ያስረጫል። ሁሉም ካለቀ በኋላ በሩ ላይ በኖራ ነጭ ክብ ይቀባል። ክብ የተቀባበትን ቤት ሌላ ሰው ደግሞ አይፈትሸውም። ሕዝቡም ክቡን አምኖ ይገባል፣ ይወጣል፣ ውሃ ይቀዳል። የኖራውን ባልዲ የምይዘው እኔ ነበርኩ። ሌላ ሰው እንዲነካው አልፈቅድም ነበር። ቤቱ ዳነ፣ አልዳነም የምለው እኔ ነኛ።

ሱሌማን የሞተ ዕለት ጠዋት ጠሩኝ። ሁለት ረጪዎች አስከትዬ ሄድኩ። እስከዚያ ቀን ድረስ የገባሁባቸው ቤቶች ሬሳው ቀድሞ ወጥቶላቸው ነበር፤ የዚህ ግን ገና አልተነሳም። ጎረቤቶች ከመንገዱ መታጠፊያ ወዲያ ርቀው ተሰብስበዋል። እትዬ ዘሃራ የበሯ ደፍ ላይ ቆማለች፤ ዓይኗ ቀልቷል። ከኋላዋ፣ ከጨለማው ውስጥ፣ በአንሶላ የተሸፈነ እግር ይታየኛል። በሩ ሥር በስተቀኝ በርሜሉ አለ። ሙሉ ነው። ክዳን የለውም።

“ግባ እንጂ ታከለ” አለችኝ። በስሜ ስትጠራኝ የመጀመሪያዋ ነበር።

አልገባሁም።

ለምን አልገባሁም? ለዓመታት ለራሴ የሰጠሁት መልስ ይህ ነው። በሕጋችን ሬሳ ያለበት ቤት የገባ ሰው ሰባት ቀን ርኩስ ነው። ከሰው ተለይቶ ይቆያል፤ ታጥቦና ነጽቶ ነው የሚመለሰው። በዚያ በባዕድ አገር ማን ያነጻኛል? በዚያ ጨዋማ ምድር ወራጅ ውሃ ከየት አገኛለሁ? አባቴ ያስተማረኝን ጠበቅኩ እንጂ ምን አጠፋሁ? እንዲህ እያልኩ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ጥብቅናም ያለ አስተማሪ ነው የተማርኩት።

ግን ውሸት ነው። ያ ሕግ ሰንበትን ሽሬ ለሙሴ ስሠራ የት ነበር? ከረጪዎቹ ጋር ካንድ ሰሃን ስበላ የት ነበር? ደግሞስ አባቴ ያስተማረኝ ግማሹን ብቻ ነው እንዴ? ያው ሕግ ራሱ ሬሳ ባለበት ቤት ክዳን ያልታሰረበት ዕቃ ሁሉ ርኩስ ነው ይላል። መንደራችን ውስጥ ሰው ሲሞት የአባቴ የመጀመሪያ ጩኸት “ክፍት የቀረውን ውሃ ድፉ!” የሚል ነበር፤ ለቅሶው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ስሰማ ነው ያደግሁት። ሙሴ በሕክምናው፣ አባቴ በሃይማኖቱ፣ ሁለቱም ያንን ውሃ ድፋ ብለውኛል። እኔ ግን ከሕጉ እኔን ከበሩ ደፍ የሚያስቀረኝን ግማሽ አነሳሁ፤ እነሱን የሚያድናቸውን ግማሽ ጣልኩት። እውነቱ ትንሽ ነው። ፈራሁ። ያ እግር ነገ የእኔ እግር ይሆናል ብዬ ፈራሁ።

ፍርሃቴ እንዲታይብኝ ደግሞ አልፈለግሁም። ረጪዎቹን፣ “እናንተ ወደሚቀጥለው መንገድ እለፉ፤ ይህን እኔ ብቻዬን እጨርሰዋለሁ” ብዬ ሰደድኳቸው። “አለቃ፣ ብቻህን?” አለ አንዱ። “ብቻዬን!” አልኩት። በአድናቆት አይቶኝ ሄደ። ከዚያ ብሩሹን ኖራው ውስጥ ነከርኩና ደጅ እንደቆምኩ በሩ ላይ ክቡን ቀባሁ። ክቤ ሁልጊዜ ቆንጆ ነው፤ የዚያን ቀንም ቆንጆ ሆነ።

እትዬ ዘሃራ ክቡን አየች፤ ከዚያ እኔን አየች።

“አበቃ?”

“አበቃ።”

“ውሃውስ? ልድፋው እንዴ?”

ጠየቀችኝ እኮ! እኔ የረሳሁትን እሷ በዚያ ኀዘኗ መሃል አስታውሳ ጠየቀችኝ። “ድፊው” ብል ይበቃ ነበር። አንዲት ቃል። ግን ድፊው ካልኳት በርሜሉስ ትለኛለች፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ በሶማሊኛ ጭምር ግባና እጠበው ትለኛለች፤ ከመታጠፊያው ወዲያ ያሉት ይሰማሉ፤ ብቻዬን የገባሁት ጀግና ደጅ ቆሜ እንደቀባሁ ይታወቃል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰብኩት። አእምሮዬ ፈጣን ነው።

“ክቡ ካለ ምን አስጨነቀሽ?” አልኳት።

“አንተ ካልክ እሺ” አለች። “አላህ ይስጥልኝ፣ ወንድሜ።”

አመሰገነችኝ። ሰምታችኋል? አመሰገነችኝ።

ለቀስተኛ መጣ። ሙቀቱ ድንጋይ ያሰነጥቃል። ከበርሜሉ ጠጡ። ጎረቤቱም ክቡን አይቶ ቀዳ። በዚያው ሳምንት እትዬ ዘሃራ ሞተች። ግድግዳ የምትጋራት ሶማሌ ሴት ሕፃን ልጇን ቀበረች። ሌሎችም ሞቱ። ስንት እንደሆኑ አልጽፍም፤ ቁጥር ስጠራ ሪፖርት የማቀርብ እየመሰለኝ ይቀለኛል፤ እንዲቀለኝ ደግሞ አልፈልግም። ሰዓዳ ታመመችና ተረፈች።

እስከዚህ ያለው ፍርሃት ነው። የፈራን ሰው የሚያዝንለት ምናልባት አይጠፋም። ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ግን ፍርሃት አይባልም።

ክብ ያለበት ቤት እንዴት በሽታ ያወጣል ብሎ ሙሴ ራሱ መጣ። ሰዓዳ ያለ እናት ያለ አባት በሩ ላይ ቆማለች፤ ሕመሙ አክስቷታል፤ ዕድሜዋ ከአሥራ ስድስት አይበልጥም። አማርኛ የማያውቁት ጎረቤቶቿ ዙሪያውን ከበዋል፤ ሕፃኗን የቀበረችውም ሴት አለች። ሙሴ መጀመሪያ ወደኔ ዞረ።

“ይህን ቤት ገብተህ አጽድተሃል?”

“አዎን፣ ሙሴ።”

“እንግዲያው ልጅቷን ጠይቅልኝ። ምን እንደሆነ ትናገር።”

ጠየቅኳት። እሷም ዓይኗን ከእኔ ሳትነቅል መለሰች። “ይህ ሰው ቤታችን አልገባም። ደጅ ቆሞ ቀባ። እናቴ ውሃውን ልድፋው ወይ ብላ ጠየቀችው፤ ምን አስጨነቀሽ አላት። ይህን ንገርልኝ።”

“ምን አለች?” አለኝ ሙሴ።

በዚያ መንገድ ላይ አማርኛም ፈረንሳይኛም የሚያውቅ ከእኔ በቀር አንድ ሰው አልነበረም። እኔም በጥሩ ፈረንሳይኛ፣ አንዲት ፊደል ሳልሳሳት፣ እንዲህ አልኩ፦ “ቤቱ ከጸዳ በኋላ እናቷ ከተዘጋው ጉድጓድ ውሃ ቀድታ ሸጠች፤ እንዲህ ነው የምትለው።”

ሙሴ ራሱን ወዘወዘ። ሌሎቹም እንዲማሩበት ንገራቸው አለኝ። በሶማሊኛ ነገርኳቸው። ሕፃኗን የቀበረችው ሴት ጮኸች። የእትዬ ዘሃራን ስም ጠርታ ረገመች፤ በሩ ላይ ተፋች። ሌሎቹም ያንን ስም እየደጋገሙ መጮህ ጀመሩ። እነዚያ በጣሳዋ ሲጠጡ የኖሩ ሰዎች።

ሰዓዳ የእናቷን ስም ሰማች። የቀረውን አልሰማችም።

“ምን ብለህ ነው የነገርካቸው?” አለችኝ።

“ያልሽውን” አልኳት።

ፊታቸውን አየች፤ ፊቴን አየች። ገባት። ሮጣ የሙሴን እጅጌ ያዘች፤ በሩን እያሳየች፣ እኔን እያሳየች፣ ጣቷን እያወዛወዘች ‘አልገባም፣ አልገባም’ ትለው ጀመር። ሙሴ በሽታውን ፈርቶ እጁን ነጠቃት። “አሁንስ ምን ትላለች?” አለኝ።

“ይቅርታ ትለምናለች” አልኩት።

ይህ ነው። ይህን ነው የዋጥኩት። ውሃውን ያላስደፋሁ እኔ ነኝ፤ ያልገባሁ እኔ ነኝ፤ ደጅ ቆሜ ክቡን የቀባሁ እኔ ነኝ። ከዚያ ደግሞ በእትዬ ዘሃራ ላይ የመቃብሯ አፈር ሳይደርቅ የዋሸሁ፣ በልጇ ምላስ እሷኑ የከሰስኩ እኔ ነኝ። ማን አስገደደኝ? ሙሴ ይገድለኝ ነበር? ቢበዛ ብሩሹን ነጥቆ አካፋዬን ይመልስልኝ ነበር። ከአካፋ ጋር ተወልጃለሁ። አካፋ መያዝ ከአንዲት ሴት ስም ይበልጥብኛል?

በለጠብኝ።

ቤቱን አቃጠሉት፤ በሽታ የተደገመበት ቤት ሥርዓቱ እንደዚያ ነበር። ሰዓዳ ወረቀት ስላልነበራት በባቡር ወደ ድሬዳዋ ሰደዷት። የጣቢያው ሰው ስሟን ሲጠይቃት ያስተረጎምኩት እኔ ነበርኩ። ስሟን በትክክል ተናገርኩ። እኔን አላየችኝም፤ ከዚያ በኋላ አንዲት ቃል ከአፏ አልወጣም። በእኔ በኩል የሚያልፍ ቃል ምን እንደሚሆን አውቃለቻ። ሙሴም ታማኝነቴን አመስግኖ የከተማዋ ረጪዎች ሁሉ የበላይ አደረገኝ። ሹመቱን ተቀበልኩ።

ከዓመታት በኋላ ሥራውን ትቼ ወደ አገሬ ስመለስ ባቡሩ ድሬዳዋ ብዙ ቆመ። ወርጄ፣ የወሎዎቹን ሰፈር ጠይቄ፣ ሰዓዳ የምትባል ልጅ ታውቃላችሁ ወይ ማለት እችል ነበር። መቀመጫዬ ይያዝብኛል ብዬ ቀረሁ። መቀመጫዬ! ከዚያ ጎንደር፣ ከዚያ አዲስ አበባ፣ ከዚያ አውሮፕላኑ፣ ከዚያ ረሆቮት። ልጅ ወለድኩ፤ ልጅ ዳርኩ። በስግድ በዓል ቀን ከሕዝቤ ጋር ኢየሩሳሌም ወጥቼ ጾምኩ፣ ሰገድኩ። ቄሶቹ የእያንዳንዱ ኃጢአት ይሰረይ ብለው ሲጸልዩ ከሁሉም ሰው በላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ አሜን አልኩ። እግዚአብሔርን ለማስተርጎም የሞከርኩ ይመስለኛል፤ ያላለኝን ምሬሃለሁ እንዲለኝ።

ሊያት ያንን ጥያቄ ከጠየቀችኝ ከሳምንት በኋላ ደውዬ ጠራኋትና ይህን ሁሉ ነገርኳት። ስልኳ ጠረጴዛው ላይ ነበር፤ እንድትቀርጸኝም ነገርኳት። ሳወራ አንዴም አላቋረጠችኝም። ስጨርስ አይዞህ ትለኛለች ብዬ ጠበቅኩ። አላለችኝም።

“ሳባ፣ እኔ ይህን ታሪክ፣ ሴትዮዋ ከተዘጋ ጉድጓድ ቀዳች የሚለውንም ጨምሬ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ለጓደኞቼ ስናገር ነው የኖርኩት” አለች በመጨረሻ። “እኔም እኮ ያቺን ሴትዮ አብሬህ ከሰስኳት።”

“አንቺ ምን ታውቂና?”

“ቤሰደር፣ እሺ፣ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁ።” ተነስታ መስኮቱ ጋ ሄደች። “ክፍሉ የፊታችን ማክሰኞ ነው። መቅረት ትፈልጋለህ? ታሟል እላቸዋለሁ።”

“እመጣለሁ” አልኳት።

“ከመጣህ ግን የምትለውን ነው የምተረጉመው። አላሳምርልህም፤ አላሳጥርልህም። ሰዎቹ ፊታቸውን ቢያጠቁሩም አላለሳልስልህም። ገባህ?”

“ገባኝ።”

“ሰዓዳ ይቅር ትልህ ነበር ብለህ ታስባለህ?” አለችኝ ደግሞ፣ ቦርሳዋን እያነሳች።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ የሚያምር መልስ መስጠት እችል ነበር። ጎበዝ ተናጋሪ ነኝ። ግን ሰዓዳ ያላለችውን ይቅርታ አንድ ጊዜ አፏ ውስጥ አስገብቼባታለሁ። ሁለተኛ አላደርገውም። በሕይወት ካለች ዛሬ ወደ ሰባ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያላት አሮጊት ናት። ይቅር ትበለኝ ወይ አትበለኝ የእሷ ቃል ነው፤ በእኔ በኩል አያልፍም። እናንተንም ይቅርታ አልጠይቃችሁም፤ እናንተን አልበደልኩም፤ በእሷም ፋንታ ልትሰጡኝ አትችሉም።

አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ። ከጅቡቲ የመጣ ሰው ብታገኙ፣ ወይም ከድሬዳዋ፣ ወይም ከወሎ፣ በዚያ በበሽታው ዘመን ውሃ ቸርቻሪዋ ዘሃራ ሰፈር ፈጀች ሲባል የሰማ ሰው ብታገኙ፣ ይህን ንገሩልኝ። ሳታሳምሩ፣ ሳታሳጥሩ ንገሩልኝ። እትዬ ዘሃራ ከተዘጋ ጉድጓድ ውሃ አልቀዳችም። ልድፋው ወይ ብላ ጠይቃለች። እንዳትደፋው ያደረግኋት እኔ ታከለ ነኝ።